ያሪስ፦ ሰማያዊው መብራት አልጠፋ አለኝ፣ ቤንዚንም ይበላል። ሴንሰር ነው ቴርሞስታት? (ደሴ)

የሆጤ ያሪስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ያ ጀመዓ። መኪናዬ ቶዮታ ያሪስ ነው፤ 2008 ስሪት፣ 1.3 ቤንዚን፣ ማንዋል። የምኖረው ደሴ ነው፤ ለሥራ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ።

ጠዋት ሳስነሳ የሚበራው፣ "ሞተሩ ገና አልሞቀም" የሚለው ሰማያዊ መብራት ድሮ ፒያሳ ሳልደርስ ይጠፋ ነበር። አሁን የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ እገባለሁ፣ እኔ ሞቆኝ ጃኬት አወልቃለሁ፣ እሱ እንደበራ ነው። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ እንዳለ አይወርድም፤ ሰው ላሳልፍ ስቆም ሞተሩ ይጮሃል። የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ጫፍ በጣቴ ስነካው ጥላሸት ነው። የቤንዚኑን ነገር አታንሱት። በዚህ በነዳጅ ሰልፍ ዘመን!

አንዱ ጋራዥ "ቴርሞስታት ነው" ብሎ ያችን ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የምትለቀውን በር ቀየረልኝ። ምንም ለውጥ የለም። ሌላው "የሙቀት ሴንሰሩን ቀይር" አለኝ፤ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት። ሦስተኛው ደግሞ ካንዴላ ነው ባይ ነው። ቼክ ኢንጂን የሚለው የብልሽት መብራትም በርቷል። ተጨማሪ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት እስቲ ምን ትላላችሁ?

ዝም ብዬ አንባቢ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡18

ቼክ ኢንጂኑ ላይ ፕላስተር ለጥፍበት 😀 ቀልዴን ነው። የብልሽቱን ኮድ በስካነር አስነብብና እዚህ ጻፈው። ያለ ኮድ የሚነገር ሁሉ ጥንቆላ ነው።

አያ መርሳ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ልጄ፣ ቴርሞስታቱን ጭራሽ አውጥተህ ጣለው። እኔ ከአይሱዙዬ ላይ ካወጣሁት ዘመን የለውም። ከቆቦ ደሴ ጭኜ ስወጣ አንድ ቀን ፈልቶብኝ አያውቅም። ይሄ ሁሉ ሴንሰር የሚባል ነገር ሰው ማስጨነቂያ ነው።

ኮምቦልቻ ኤሌክትሪክ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

አያ መርሳ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ይህን ምክር ለያሪስ አይስጡብኝ። የእርስዎ የድሮ ናፍጣ ሞተር ያለ ቴርሞስታት ሲሄድ ይጎዳል፤ ግን የሚናገርበት መብራት የለውም። ያሪስ ደግሞ ቤንዚኑን የሚመጥነው ሙቀቱን እያየ ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል፣ ሚኒሞም ከፍ ያደርጋል። ሲሞቅ ይቀንሳል። ሙቀቱን የሚነግረው አንዲት ባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰር ናት። "ብርድ ነው፣ ብርድ ነው" የሚል ወሬ ብቻ ከደረሰው፣ መኪናው ቀኑን ሙሉ የጠዋቱን ቤንዚን እየጠጣ ይውላል።

የሆጤው ወንድሜ፣ የነገርከው ምልክት ከሦስት ነገር ከአንዱ ይመጣል። ወይ ሞተሩ እውነትም አልሞቀም፤ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል ማለት ነው። ወይ ሞተሩ ሞቋል፣ ሴንሰሩ ግን ይዋሻል። ወይ ደግሞ ሴንሰሩ እውነቱን ይናገራል፣ ሽቦው ላይ ይበላሻል። ሦስቱም ዳሽቦርድ ላይ የሚያሳዩት ያንኑ ሰማያዊ መብራት ነው። ለዚህ ነው በአይን አይቶ "ይህን ቀይር" ማለት የማይቻለው።

የመኪናውን ኮምፒውተር የምታነበውን፣ በስልክ የምትሠራዋን ትንሽ ስካነር ከሰው ተዋስ። ነገ ጠዋት መኪናዋን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ክፈትና ሁለት ቁጥር አንብብ፦ የሞተር ውሃ ሙቀትና የሚገባው አየር ሙቀት። ሌሊቱን አብረው ያደሩ ናቸውና መቀራረብ አለባቸው። አምስት ዲግሪ ቢለያዩ ግድ የለም። ከዚያ በላይ ከተራራቁ አንዱ ውሸታም ነው።

የሆጤ ያሪስ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡25

አገኘሁት፤ የጎረቤት ልጅ ስካነር አለው። ኮዱ ፒ 0128 ነው። ሳላስነሳ ያነበብኩት፦ አየር 11፣ የሞተር ውሃ 1 ዲግሪ። ደሴ ትበርዳለች፤ ግን ዛሬ ውርጭ አልጣለም ወላሂ።

ዝም ብዬ አንባቢ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ፒ 0128 ጎግል ላይ ቴርሞስታት ነው የሚለው። ጋራዡ ልክ ነበር ማለት ነው። የቀየሩልህ ዕቃ ራሱ ብልሽ ይሆናል።

ኮምቦልቻ ኤሌክትሪክ | ረቡዕ፣ ከረፋዱ 4፡00

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚከስረው። ኮዱ "ቴርሞስታት ተበላሽቷል" አይልም። የሚለው "በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ መሞቅ የነበረበት ውሃ ሲሞቅ አላየሁም" ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚያየው በዚያችው ሴንሰር ብቻ ነው። አይኑ ከደበዘዘ ቴርሞስታቱን ሳያይ ይከሰዋል።

በተለምዶ የሚወጡት ሌሎቹ ኮዶች እነዚህ ናቸው። ፒ 0118 ሽቦው ተቆርጧል ወይም ሶኬቱ ወልቋል ማለት ነው፤ ስካነሩ 40 ከዜሮ በታች ያሳያል። ፒ 0117 የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሽቦው ተነካክቷል፣ ንባቡም 140 ገደማ ይሆናል። ፒ 0116 የሚመጣው ንባቡ ከእውነተኛው ጋር አልሄድ ሲል ነው። ያንተ ግን አልተቆረጠም፣ አልተነካካምም። ዝም ብሎ ዝቅ ያደርጋል። ይህ ዓይነቱ ነው አስቸጋሪው።

አሁን ቀላል ነገር አድርግ። መኪናዋን በደንብ አሙቃት፣ ኮምቦልቻ ደርሰህ ስካነሩ ላይ ውሃው ስንት እንደሚል እየው። ከዚያ ከሞተሩ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን የላይኛውን ወፍራም ጎማ በጨርቅ ነካ አድርገው። ፋኑ በድንገት ሊነሳ ስለሚችል እጅህንም ነጠላህንም አርቅ። የራዲያተር ክዳን እንዳትነካ።

ጅዳ ጋራዥ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡30

ያ ጀመዓ ሰላም። ውጫሌ ተወልጄ ጅዳ የምሠራ መካኒክ ነኝ። ሁላችሁም ስለ ቤንዚን ታወራላችሁ፤ ቤንዚኑ ቀላሉ ነው። ያሪስ የሙቀት ቀስት የላትም። ያለው ሰማያዊና ቀይ መብራት ነው። ሁለቱንም የሚያበራው ኮምፒውተሩ ነው፣ በዚያችው ሴንሰር። ፋኑንም የሚያዘው እሱ ነው። ሴንሰሩ "ብርድ ነው" ካለ፣ ሞተሩ በእውነት ቢፈላ ቀይ መብራት አይበራም። ፋኑም አይነሳም። ሰውየው ሰማያዊ መብራት እያየ ቴስታ (የሞተሩን የላይ ክፍል) ያቃጥላል። እዚህ ሰማያዊ መብራት በርቶ የቴስታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያውን) የበላ መኪና እጄ ገብቷል።

ስለዚህ እስኪሠራ ድረስ ከተማ ውስጥ ስትቆም ኤሲውን አብራው። አብዛኛው መኪና ላይ ኤሲ ሲበራ ፋኑ አብሮ ይነሳል። ኤሲ ከሌለው ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈተው፤ ሙቀቱን ከሞተሩ ላይ ይቀንሳል። ላብህ ይፈስሳል እንጂ ሞተርህ ይተርፋል።

የሆጤ ያሪስ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ጅዳ፣ አስደነገጥከኝ! ለምን እስካሁን አልፈላብኝም ታዲያ?

የዛሬው ንባብ ይኸው። ኮምቦልቻ ስደርስ ስካነሩ 22 ዲግሪ ይላል። ጎማው ግን በጨርቅም አያስይዝም። ግቢ ውስጥ ሞተሩን ሳላጠፋ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ፋኑ ትንፍሽ አላለም። ኤሲውን ሳበራ ወዲያው ተነሳ።

ኮምቦልቻ ኤሌክትሪክ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ያልፈላው ቴርሞስታቱ ደህና ስለሆነ ነው። ቴርሞስታት ኮምፒውተር አይጠይቅም። ውስጡ ያለው ሰም በራሱ 82 ዲግሪ ገደማ ላይ ቀልጦ ይከፍታል። መንገድ ላይ ንፋሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዝልሃል፤ ደሴ ደግሞ አየሩ ራሱ ያግዛል። በሰኞ ገበያ ቀን ከሰውና ከጋሪ መሀል ቆመህ ብትቀር ግን የጅዳው ወንድማችን ያለው ይደርስ ነበር።

እንግዲህ አንዱ ወደቀ። ሞተሩ ሞቋል፣ ኮምፒውተሩ አላመነም። ቴርሞስታት አይደለም። የቀሩት ሴንሰርና ሽቦ ናቸው።

የሴንሰሩ አሠራር ቀላል ነው። ውስጡ ሲሞቅ ኦሙ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) የሚወርድ፣ ሲቀዘቅዝ የሚወጣ ነገር አለ። የቶዮታዎቹ በግምት እንዲህ ናቸው፦ 0 ዲግሪ ላይ 6 ኪሎ ኦም፣ 20 ላይ 2.5፣ 40 ላይ 1.1፣ 80 ላይ ደግሞ 320 ኦም ገደማ። ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይልክና ምን ያህሉ እንደቀረ አይቶ ሙቀቱን ያሰላል። ኦም በዛ ማለት ለእሱ ብርድ በዛ ማለት ነው። ኦሙ ከሴንሰሩ ይምጣ፣ ከዛገ ሽቦ ይምጣ፣ መለየት አይችልም።

አሁን ያንተን ቁጥር እይ። ጠዋት 11 የነበረው 1 ተባለ፤ ልዩነቱ 10 ዲግሪ ነው። ከሰዓት 85 ሊሆን የሚገባው 22 ተባለ፤ ልዩነቱ ከ60 በላይ ነው። ለምን እንዲህ ተራራቀ? 11 ዲግሪ ላይ ሴንሰሩ ራሱ 3.6 ኪሎ ኦም ገደማ አለው። 2 ኪሎ ቢጨመርበት 5.6 ይሆናል፤ ያ 1 ዲግሪ ነው። ሲሞቅ ግን የሴንሰሩ 300 ኦም እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ያችው 2 ኪሎ ስትጨመር ከ2 ኪሎ በላይ ሆነች፤ ያ ደግሞ 22 ዲግሪ ነው። በሁለቱም ሰዓት የተጨመረው አንድ ዓይነት ነው። ሴንሰር ሲያረጅ እንዲህ እኩል እየጨመረ መበላሸት ልማዱ አይደለም። እኔ ሽቦውን ወይም ሶኬቱን ነው የምጠረጥረው። ግን ጥርጣሬዬን ገንዘብ አታውጣበት፤ ለካ።

ነገ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ሦስት ነገር አድርግ። ሴንሰሩ ቴስታው ጫፍ ላይ፣ በባትሪው በኩል ነው፤ ሁለት ሽቦ ያለው ሶኬት ታያለህ። ቁልፍ አጥፍተህ ሶኬቱን ንቀል፣ በቴስተር (ኦም በሚለካው) የሴንሰሩን ሁለት እግር ለካ። ቀጥለህ ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩ ግን አይነሳ፤ ሶኬቱ እንደተነቀለ ስካነሩን እይ፣ 40 ከዜሮ በታች ማለት አለበት። በመጨረሻ የሶኬቱን ሁለት ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ አገናኛቸው። 140 ገደማ ማለት አለበት። የምታገናኘው እነዚያን ሁለት ብቻ ነው። ከባትሪ ምንም አታምጣ።

አይሱዙ ባቲ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡55

እኛ የድሮዎቹ ላይ ሴንሰሩ ባለ አንድ ሽቦ ነው። ሽቦዋን ነቅለን ቦዲ ላይ ነካ ስናደርጋት ቀስቱ ወደ ሙቅ ይወጣል። ከወጣ ቀስቱና ሽቦው ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው። እዚህም እንደዚያ አይሠራም?

ኮምቦልቻ ኤሌክትሪክ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡02

ሐሳቡ አንድ ነው፤ ግን ባለ አንድ ሽቦው ለቀስቱ ብቻ ነው፣ መሬቱን (ኔጋቲቩን) የሚያገኘው በራሱ ጥርስ ከሞተሩ ነው። ስለዚህ ጥርሱ ላይ ነጭ የቧንቧ ቴፕ ጠቅልለው ሲያስሩት መሬቱን ያጣል፣ ቀስቱም ሞቶ ይቀራል። ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አዲስ ሴንሰር ገዝተው፣ በቴፕ ጠቅልለው፣ "የቻይና ዕቃ ነው" እያሉ ይሳደባሉ። የያሪስ ባለ ሁለት ሽቦ መሬቱን ከኮምፒውተሩ ነው የሚያገኘው፤ ቦዲ ላይ አትንካው።

የኩታበር መምህርት | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ይቅርታ፣ በሰው ክር ገባሁ። የእኔ ቪትዝ ፋኑ ቁልፍ ከከፈትኩበት ሰዓት ጀምሮ አያቆምም። አንድ ባለሙያ ከዚህ በፊት ስትሞቅብኝ "አስተካክዬልሻለሁ" ብሎ የሆነ ሶኬት ነቅሎ በፕላስቲክ አስሮታል። ሙቀቱ ቀረ፣ ግን ጠዋት ጠዋት ለመነሳት ታስለቅሰኛለች። ሞተሪኖው (ማስነሻው) እስኪደክም ነው የማዞረው። ይሄ ከዚያ ጋር ይገናኛል?

ጅዳ ጋራዥ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡20

እህቴ፣ ይገናኛል እንጂ! የነቀለው ይህችኑ ሴንሰር ይመስላል። ኮምፒውተሩ ሴንሰሩ ሲጠፋበት አደጋ እንዳይመጣ ብሎ ፋኑን ሁልጊዜ ያሠራል። ሙቀቱን ደግሞ በግምት 80 ነው ብሎ ይይዛል። ኩታበር ላይ በጠዋት ብርድ ሞተርሽን "ሞቃት ነሽ" እያለ ትንሽ ቤንዚን ነው የሚሰጣት። እንዴት ትነሳ? መንገድ ላይ ሲቸግር ሶኬቱን ነቅሎ ቤት መግባት ይቻላል፣ እኔም አድርጌዋለሁ። እንደዚያው ትቶ መሄድ ግን ጥገና አይባልም። መጀመሪያውኑ ለምን እንደሞቀች ማንም አላየልሽም ማለት ነው። ውሃዋ ይቀንሳል? ክዳኗ ያፈሳል? ከዚያ ጀምሪ።

የኩታበር መምህርት | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡35

ውሃ እጨምራለሁ፣ አዎ። በየሳምንቱ ማለት ይቻላል።

ጅዳ ጋራዥ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡41

እንግዲያው የሚያፈስ ነገር አለ። ውሃ ሲጎድል ሴንሰሩ ጫፍ ላይ አየር ይቀራል፤ አየር ውስጥ የተቀመጠ ሴንሰር በትክክል አያነብም። መጀመሪያ ፍሳሹን አስፈልጊ፣ ከዚያ በደንብ ውሃ ይሞላና አየሩ ይውጣ፣ ሶኬቱም ይመለስ። ሌላው ከዚያ በኋላ ነው የሚታየው።

አያ መርሳ | ሐሙስ፣ ከረፋዱ 4፡30

እኔ የምለው፣ ሴንሰርን ለመለካት ይሄ ሁሉ ስካነር ምን ይሠራል? ድሮ ጌቶቻችን ውሃ አፍልተው ውስጡ ይነክሩት ነበር። የፈላ ውሃ 100 ነው፣ አለቀ። ከመጽሐፉ ካልገጠመ ይጣላል።

ኮምቦልቻ ኤሌክትሪክ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡45

አያ፣ የማፍላቱ ነገር ጥሩ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ደሴ ላይ የፈላ ውሃ 100 አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። እዚያ ክዳን በሌለው ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 ገደማ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል 94 ገደማ ነው። መጽሐፉ 100 ላይ 180 ኦም ካለና እርስዎ ደሴ ላይ 225 ካገኙ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። በዚህ ስሌት ስንቱ ደህና ሴንሰር ተጥሏል። ቴርሞሜትር አብሮ ይነከር፤ ከሌለ ደግሞ የአገሩን ከፍታ አስቡ።

ይህ ነገር ከድስቱም ያልፋል። የብዙ ቶዮታ ፋን የሚነሳው ከ93 እስከ 96 ባለው ውስጥ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ደህና ከሆነ ግፊቱን ይይዛል፣ ውሃው ደሴ ላይ እንኳ 115 ሳያልፍ አይፈላም። ክዳኑ ጎማው አልቆ ግፊት ካልያዘ ግን ውሃው 92 ላይ ይፈላል፤ ፋኑ ገና ሳይነሳ ማለት ነው! ያኔ ሴንሰሩ ምንም አልዋሸም፣ ፋኑም ምንም አልሆነ፣ መኪናው ግን ይፈላል። ኮምቦልቻ ላይ ደህና የነበረ መኪና ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲደርስ እንፋሎት ሲተፋ አይታችሁ ከሆነ ክዳኑን ሳታዩ ሴንሰር አትግዙ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሴንሰር የምትነክሩበትን ድስት ለምግብ አትመልሱት። ኩላንት መርዝ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነ ልጅም ውሻም ይልሰዋል።

ዝም ብዬ አንባቢ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡00

ወይ ጉድ፣ የደሴ ሽሮ ለምን ዘግይቶ እንደሚበስል ዛሬ ገባኝ 😀

የሆጤ ያሪስ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡15

ለካሁ። ሴንሰሩ ራሱ በጠዋቱ ብርድ 3.6 ኪሎ ኦም። ሶኬቱ ተነቅሎ ስካነሩ 40 ከዜሮ በታች አለ። ሁለቱን ቀዳዳ ሳገናኝ ግን 140 አላለም። 25 ላይ ቆመ! ሽቦውን ሳወዛውዘው 30፣ 24፣ 27 እያለ ይዋዥቃል።

ኮምቦልቻ ኤሌክትሪክ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡22

አብሽር፣ ተገኘ። ሴንሰሩ ከመንገዱ ወጥቶ፣ በቦታው ባዶ ሽቦ ሆኖ፣ ኮምፒውተሩ አሁንም 2 ኪሎ ኦም ያያል። ስለዚህ 2 ኪሎው ያለው ከሶኬቱ ወዲያ ነው። ሴንሰርህ ንጹሕ ነው፤ እንዳትገዛ። የሶኬቱን ጎማ መልሰህ የሽቦውን አንገት እየው፣ መዳቡ ብረቱን የሚይዝበትን ቦታ።

የሆጤ ያሪስ | ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡40

ፎቶ አልጭን ስላለኝ በቃል ልንገራችሁ። ጥቁሩን ቴፕ ፈትቼ የሽቦውን ሽፋን በምላጭ ቀስ ብዬ ከፈትኩት። የአንደኛው ሽቦ መዳብ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ከክሮቹ ብዙዎቹ ተበልተው ጥቂት ቀጫጭኖች ብቻ ብረቱን ይዘዋል። ጫን ስለው እንደ ደረቀ ሣር ተሰበረ። ዛጉ ወደ ውስጥም ገብቷል፤ ጥቁር መዳብ ተከትዬ ከጣቴ በላይ ቆርጬ ነው ብሩህ ያገኘሁት።

ባትሪው ከዚያው አጠገብ ነው። አናቱ ላይም ነጭ ዱቄት ነበረበት።

ኮምቦልቻ ኤሌክትሪክ | ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡10

የባትሪ አሲድ ትነትና የሞተር እጥበት። በግፊት ውሃ ሞተር ማጠብ የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እኔ ጋ ይመጣል። ሶኬቶቹን በፕላስቲክ ሳይሸፍኑ ማጠብ ይቅር።

አሁን ሶኬቱን ከነጭራ ሽቦው ፈልግ። ከተገጨ ያሪስ ወይም ኮሮላ ላይ የተቆረጠ ይበቃሃል፤ ደሴ ካጣህ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አይጠፋም። ብሩህ መዳብ እስክታገኝ ቆርጠህ፣ በሽቦ መበየጃ ቆርቆሮ በይደህ፣ ሲሞቅ የሚኮማተረውን የፕላስቲክ ቱቦ አልብሰው። ጠምዝዞ ቴፕ መጠቅለል እዚህ ቦታ አይሠራም፤ ከክረምት በኋላ መልሰህ ትመጣለህ። ባትሪውን በሶዳና በውሃ እጠበው፣ የአሲዱ ውሃ ግን ሽቦው ላይ አይፍሰስ።

አይሱዙ ባቲ | ዓርብ፣ ከቀኑ 11፡00

ሽቦው የሴንሰር ስለሆነ ቀጭን ነው፣ የመብራት ሽቦ በዘፈቀደ አትቀጥልበት። እኔ እንዲያ አድርጌ ሳይሆን፣ ሌላው ሲያደርግ አይቼ ነው የምልህ።

ዝም ብዬ አንባቢ | ዓርብ፣ ከቀኑ 11፡06

አምነንሃል 😀

የሆጤ ያሪስ | እሑድ፣ ከረፋዱ 5፡20

ጨረስን። ሶኬቱን ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ከተፈታ መኪና ላይ አገኘሁት። በብየዳ ቀጠልነው። ዛሬ ጠዋት ሳላስነሳ አየር 12፣ ውሃ 12። ሁለቱን ቀዳዳ ሳገናኝ 140። ሰማያዊው መብራት ፒያሳን ሳላልፍ ጠፋ። ሚኒሞው ወርዶ ዝም አለ። ቆሜ ስጠብቅ 95 ላይ ፋኑ ተነሳ፣ 90 ገደማ ላይ ጠፋ። ኮዱን በስካነሩ አጠፋሁት፣ እስካሁን አልተመለሰም። ቤንዚኑን ለማወቅ ቆይቼ ሞልቼ አያለሁ። ላደረጋችሁልኝ ሁሉ አላህ ይስጥልኝ።

አሮጌውን ቴርሞስታት ደግሞ ድስት ውስጥ ነከርኩት (የምግብ አይደለም፣ አትጩሁብኝ)። ቴርሞሜትሩ 82 ሲል ተከፈተ።

የኩታበር መምህርት | እሑድ፣ ከቀኑ 8፡15

የእኔም ተገኘ። የራዲያተሩ የታችኛው ጎማ ማሰሪያ ላልቶ ያንጠባጥብ ነበር። ተጠበቀ፣ ክዳኑም ተቀየረ፣ ሶኬቱም ተመለሰ። ኩላንት ልግዛ ወይስ ውሃ ይበቃል? ሰፈር ውስጥ ሁሉም የወንዝ ውሃ ነው የሚጨምረው።

ጅዳ ጋራዥ | እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00

እህቴ፣ ኩላንት ግዢ። የወንዝ ውሃ ነጭ ድንጋይ እየሆነ ራዲያተሩንም የሴንሰሩንም ጫፍ ይለብጠዋል። የተለበጠ ሴንሰር ሙቀቱን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። የሚበጠበጥ ከሆነ ግማሽ በግማሽ፣ ከተጣራ ውሃ ጋር። የተለያየ ዓይነት አትቀላቅዪ።

አያ መርሳ | እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡40

እሺ ይሁን፣ ተሸነፍኩ አልልም፤ ግን አይሱዙዬ ላይ ቴርሞስታት ልመልስ ነው። ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ አስቸግሮኛል። ሲገጠም በየትኛው ጎን ነው?

ኮምቦልቻ ኤሌክትሪክ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡05

ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ ይዞራል፣ አያ። ዳሩ ላይ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ የአየር ማስወጫ ካለችው እሷ ወደ ላይ ትሁን፤ ወደ ታች ከሆነች አየሩ አይወጣም። ጓርኒሲዮኑን አዲስ ያድርጉት፣ አሮጌውን በሲሊኮን አይለጥፉ። ወደ ኮምቦልቻ ከወረዱ ይዘውት ይምጡ፣ አብረን እንገጥመዋለን።

አያ መርሳ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡12

ማክሰኞ እወርዳለሁ ኢንሻአላህ። ቡና ከአንተ።